መመሪያን በእግራቸው ያነበቡት ሲስተር

ሲስተር ብርነሽ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የነገረችኝም ሴት ልትነግረኝ ብላ አልነበረም። ጎፋ ታክሲ ስጠብቅ፣ በድሮው ጤና ጣቢያችን ካርድ ክፍል ትሠራ የነበረች ሴት አየችኝና ሰላም ተባባልን። ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት ካወራን በኋላ፣ «የሲስተርን መቼም ሰምተሃል» አለችኝ። ያልሰማሁ መሆኔን መናገር አሳፈረኝና «አዎ፣ ነፍስ ይማር» አልኩ። ታክሲው ሲመጣ እሷ ገባች፣ እኔ ቀረሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደክሞኛል። እያረጀሁ ስመጣ የሰው ሞት ስሰማ ከማዘኔ በፊት የሚመጣብኝ ድካም ነው። ሲስተር ብርነሽን ደግሞ በደከመ ጉልበት ማሰብ ተገቢ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ባወቅኋቸው ዓመታት ሁሉ ደክመው ነበርና። እኛ ግን ያን አላወቅንም። ስለ እሳቸው የማወራው በዋናነት ይህንን አለማወቃችንን ነው።

የተዋወቅነው መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ንፋስ ስልክ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤ በመድኃኒት ክፍሉ መስኮት ተቀመጥኩ። እሳቸው የተመላላሽ ሕክምናው ኃላፊ ነርስ ነበሩ። አርባዎቹን ያጋመሱ፣ ረጅም፣ ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። አላገቡም። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ በአንዲት የቀበሌ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

ሥራ የሚገቡት ከሁላችን በፊት ነው። እኔ ሁለት ሰዓት ሲሆን እየተነጫነጭኩ ስደርስ እሳቸው ከገቡ አንድ ሰዓት አልፏቸዋል። የዕቃ መቀቀያው አጠገብ ሙቅ ውኃ በሳፋ አድርገው እጃቸውን ነክረው ይቀመጣሉ። «ንጽሕና የሚወዱ ሴት» እንል ነበር። የሻይ ብርጭቆ ሲቀበሉ በሁለት እጃቸው ነው፤ ካርድ ሲሰጡም በሁለት እጃቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ ውኃ ብታቀብላቸው እንኳ ሁለቱንም መዳፍ ዘርግተው ነው የሚቀበሉት። «አስተዳደግ ማለት እንዲህ ነው» ትል ነበር የካርድ ክፍሏ ሴት። እርሳስ የሚይዙት በጠቋሚና በመሃል ጣታቸው መሃል፣ ሲጋራ እንደሚይዝ ሰው ነበር። ይህንንም የድሮ ተማሪ አያያዝ ነው ብለን አለፍነው።

ያ ጊዜ መመሪያ እንደ ሐምሌ ዝናብ የሚወርድበት ጊዜ ነበር። አንዱ ፕሮጀክት የወባ ሕክምና መመሪያ ያመጣል፣ ሌላው የተቅማጥ፣ ሌላው የሳል። ሁሉም ረቂቅ ነው፣ ሁሉም «አስተያየታችሁን በሳምንት ውስጥ» ይላል። የኛ ኃላፊ አቶ ደምሴ ለዚህ መላ ነበራቸው። «መመሪያውን ተመልክተን አስተያየት የሌለን መሆኑን እንገልጻለን» የሚል ደብዳቤ አስቀድመው አስተይበው በመሳቢያቸው አከማችተዋል። ቀንና ቁጥር መሙላት ብቻ ነው የሚቀረው። ማኅተም ይመታና መመሪያው ሳይከፈት ይመለሳል። አቶ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለአምስት ሰው የሚሆን ሥራ ለብቻቸው ይሠሩ ስለነበር ነው።

ደብዳቤው ላይ ከአቶ ደምሴ ሌላ የባለሙያ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያዋ ሲስተር ብርነሽ ናቸው።

ሲስተር መመሪያ የሚያነቡት ከኋላ ጀምረው ነው። መጀመሪያ የጸሐፊዎቹን ስም ይፈልጋሉ፣ ቀጥሎ የጠቀሷቸውን ጥናቶች፣ ከዚያ ወጪውን የቻለው ማን እንደሆነ። «ማን እንዳበሰለው ሳላውቅ አልቀምስም» ይሉኛል። ቀጥለው ወደ ውስጥ ይገባሉ። አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው «ይሄን በምን አወቀ?» ይላሉ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለወረቀቱ ነው። «የታመመውን ሰው ጠይቋል?» ይላሉ። ወረቀቱ ካልመለሰላቸው በእርሳስ ጠርዙ ላይ ይጽፋሉ።

አንድ ጊዜ ስለ ሪህ የተጻፈ መመሪያ መጣ። የእግር አውራ ጣቱ ያበጠ ሰው የባሕር ምግብ፣ በተለይም በዛጎል ውስጥ የሚኖሩትን፣ እንዲቀንስ ያዝዛል። ስለ ጠላ አንድ ቃል የለውም። ስለ ጥሬ ሥጋም የለውም። ሲስተር አንብበው ሲጨርሱ በእርሳስ «ባሕሩ የታለ?» ብለው ጻፉበት። አቶ ደምሴ ያንን ሳያዩ ማኅተም መትተው ላኩት። ከላይ መሥሪያ ቤት ተደውሎ ማን ነው የሚቀልደው ሲባል አቶ ደምሴ ላብ አጠመቃቸው። ሲስተር ግን «ቀልድ አይደለም፣ ጥያቄ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ከማንበብ ሌላ ደግሞ አንድ ሥራ ነበራቸው። መመሪያን በእግር ይሄዱበታል። አንድ በሽተኛ ይመርጡና መመሪያው አድርጊ ያላትን ሁሉ፣ ከቤቷ ደጅ ጀምረው፣ እንደ እሷ ሆነው ይሞክሩታል። ከሳምንት በኋላ ተመለሺ ካለ መንገዱን ሄደው ይመለሳሉ። ከምግብ በኋላ ውሰጂ ካለ ቤቷ ገብተው መቼ እንደምትበላ ይጠይቃሉ። በሽተኛዋ መቀጠል የማትችልበት ቦታ ሲደርሱ መስመሩ አጠገብ «እዚህ ወደቀች» ብለው ይጽፋሉ። ይህን የሚያደርጉት በእረፍት ቀናቸው፣ ማንም ሳያዛቸው ነው። እኔንም አንዳንዴ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ለምን እንደምሄድ አላውቅም ነበር፤ ቅዳሜን መተኛት የሚወድ ሰው ነበርኩ።

ነገሩ የመጣው የቁርጥማትና የመገጣጠሚያ በሽታ መመሪያ ረቂቅ ሲደርሰን ነው። የዚህኛው ጉዳይ ከሌሎቹ ይለያል። ረቂቁን ያመጣው ፕሮጀክት አስተያየታቸውን በጊዜው ለላኩ ጤና ጣቢያዎች ማይክሮስኮፕ እሰጣለሁ ብሏል። የኛ ከተበላሸ ስምንት ወር ሆኖታል። አክታ የሚመረመርለት በሽተኛ ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይላካል፣ ከሚላኩት ግማሾቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። አቶ ደምሴ ሲስተርን ጠርተው፣ «እባክሽ ብርነሽ፣ ይቺን እንኳ ዝም ብለሽ ፈርሚልኝ። ማይክሮስኮፑን አታስቀሪብኝ» አሏቸው።

«ላንብበው» አሉ ሲስተር።

ረቂቁ ጥሩ ነበር፤ ይህን ራሳቸው ሲስተርም መስክረዋል። የሚለውም በአጭሩ፣ ጣቶቿና ጉልበቷ ያበጡባት ሴት ሌላው ማስታገሻ ካልያዘላት ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ትንሽ ነጭ ኪኒን በአነስተኛ መጠን ይጀመርላት ነው። ይህ ኪኒን ሕመምን ያበርዳል። ሲቆይ ግን አጥንት ያሳሳል፣ ጡንቻ ይበላል፣ ፊት ያሳብጣል። ረቂቁ ይህንን ያውቃል፤ ከታች በኩል «ታካሚዋ በመድኃኒቱ ምክንያት የመጣ ችግር ስታሰማ መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነስ» ይላል። እኔ ይህን መስመር ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ምንም አልታየኝም።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ጫልቱ የሚባሉ የላፍቶ ሴት የልጅ ልጃቸውን ሊያስከትቡ መጡ። ባለቤታቸው ገበሬ ናቸው። ሲስተር የልጁን ካርድ ሲሰጧቸው ፊታቸውን ትክ ብለው አዩ። «ኪኒን ይወስዳሉ?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ጫልቱ ከአንድ መድኃኒት መሸጫ የገዙትን ነጭ ኪኒን ለቁርጥማት ከወሰዱ ዓመት እንዳለፋቸው ተናገሩ። ሲስተር ቤታቸውን ጠይቀው አድራሻውን እጃቸው ላይ ጻፉ።

ቅዳሜ ከጎፋ ወደ ላፍቶ ወረድን። ጥቅምት ነበር። ያኔ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ጤፍ እርሻና ባሕር ዛፍ ነው፣ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ሲስተር በየመቶ ሜትሩ ቆም እያሉ አካባቢውን ይመለከቱ ነበር። አገር እያደነቁ መስሎኝ እኔም አብሬ አደንቅ ነበር። መንገዱ ለእኔ እግር አንድ ሰዓት የማይሞላ ሲሆን ከእሳቸው ጋር ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሰዓታቸውን አዩና በረቂቁ ላይ «በየሁለት ሳምንቱ ትምጣ» የሚለው አጠገብ ጻፉ።

ወይዘሮ ጫልቱ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ይመለምሉ ነበር። ፊታቸው ክብ፣ ጉንጫቸው ሙሉ፣ ቆዳቸው የሚያብረቀርቅ። «አካም ጅርቱ» አሏቸው ሲስተር፣ ከዚያ ውጭ የሚያውቁት ኦሮምኛ ጥቂት ነበር። የባላቸው እህት ከውስጥ ወጣች። ከወዲያ ወዲህ አስተናገደችንና ወደ እኔ ዞራ፣ «መድኃኒት ሰጪው አንተ ነህ አሉ። ለእኔም ከዚችው ኪኒን ስጠኝ እንጂ። ይኸው እሷን አየሃት፣ ምን የመሰለች ሴት ሆነች» አለችኝ።

«አንቺም ያምሻል?» አልኳት።

«እኔ ምንም አያመኝም። ክሳቴን አታይም?»

ሲስተር ወይዘሮ ጫልቱን ከበርጩማው ተነስተው እንዲቆሙ ጠየቋቸው። ሴትየዋ ሁለት ጊዜ ሞክረው አልቻሉም፣ የባላቸው እህት በብብታቸው ይዛ አነሳቻቸው። ቀሚሳቸው ገለጥ ሲል እግራቸው እንጨት ብቻ ነበር፣ ክንዳቸው ላይ ደግሞ የተመታ ሰው የሚመስል ሐምራዊ ነጠብጣብ አለ።

«ለምንድነው ያልተናገሩት?» አሉ ሲስተር።

«ለማን ልናገር፣ ሲስተር? ሰው ሁሉ ድነሻል፣ አምሮብሻል እያለኝ አመመኝ ብል ምስጋና ቢስ አይሉኝም? እግዜሩስ ምን ይለኛል?»

ሲስተር በሁለት እጃቸው የወይዘሮ ጫልቱን እጅ ይዘው ቆዩ። ኪኒኑን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፣ ድንገት ማቆም እንደሚጥል፣ ሰኞ በአህያም ቢሆን ጤና ጣቢያ እንዲመጡ፣ መጠኑን እሳቸው ራሳቸው ቀስ በቀስ እንደሚያወርዱላቸው ደጋግመው ነገሯቸው። ከግቢው ስንወጣ ረቂቁን አውጥተው «ችግር ስታሰማ» የምትለዋን መስመር አሳዩኝ።

«አየሃት ዳኜ? እዚህ ነው የወደቀችው። የጻፉት ሰዎች አገር ፊት ሲያብጥ ሰው ይደነግጥ ይሆናል። እዚህ ይመረቃል።»

እኔ ደግሞ የደከማቸው መስሎኝ ላስቃቸው ፈለግሁ። «መቼም እርስዎ ያለ ኪኒን ነው ያማረብዎት» አልኳቸው። እውነትም ከሁለት ዓመት ወዲህ ሰውነታቸው መለስ ብሎ ነበር። ጤና ጣቢያው ሁሉ ያወራዋል። ሲስተር ትንሽ ሳቁና ቀድመውኝ ሄዱ።

በረቂቁ ላይ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ የተደረገው በኛ ጤና ጣቢያ የሥልጠና ክፍል ውስጥ ነው። ከአምስት ጤና ጣቢያዎች ሰዎች መጥተዋል። ከላይ መሥሪያ ቤት የመጡት ዶክተር ረቂቁን ገጽ በገጽ እያነበቡ «አስተያየት?» ይላሉ፣ ሰው ዝም ይላል፣ ገጽ ይገለጣል። እኔ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተደርጌ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ያቺ መስመር ስትደርስ ሲስተር እጃቸውን አወጡ።

«ችግር ስታሰማ ይላል። ባታሰማስ?»

«ካላሰማች ችግር የለባትም ማለት ነዋ» አሉ ዶክተሩ። በንቀት አይደለም፣ ሰውየው ጨዋ ነበሩ።

ሲስተር የወይዘሮ ጫልቱን ነገር አስረዱ። አገር ምድሩ የወፈረን ሰው ዳነ እንደሚል፣ ልጃገረዶች ሳይቀሩ ለመወፈር ብለው ይህን ኪኒን ከየሱቁ እንደሚገዙ፣ ስለዚህ በሽተኛዋ እስክትናገር መጠበቅ መቼም እንዳትናገር መፍረድ እንደሆነ ተናገሩ። መመሪያው ባለሙያው ራሱ በየጊዜው እንዲመረምር ማዘዝ አለበት አሉ፤ ከወንበር ያስነሳት፣ ክንዷን ይመልከት፣ ግፊቷን ይለካ። አቶ ደምሴ ጣሪያውን ያያሉ።

ዶክተሩ በትዕግሥት ሰሙና፣ «ሲስተር፣ ይሄ አንድ ሰው ነው። ያውም የወሰዱት መጠን የማይታወቅ፣ ማን እንዳዘዘላቸው የማይታወቅ። መመሪያ በዚህ አይለወጥም። እርስዎ ራስዎ በምን አወቀ የሚሉ ሰው ነዎት ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። «መጠኑ የሚታወቅ፣ ለረጅም ጊዜ የተከታተላችሁት፣ ችግሩ እያለበት ያልተናገረ ሰው አለ?»

ዶክተሩ ገጹን ሊገልጡ ሲሉ፣ «አለ» አሉ ሲስተር።

ከጋዋናቸው ኪስ የሥራ መታወቂያቸውን በሁለት እጃቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። ፎቶው ከጥቂት ዓመታት በፊት የተነሱት ነው። አገጫቸው ሹል፣ የጉንጫቸው አጥንት የወጣ አንዲት ቀጭን ሴት አለች። መታወቂያው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። ከፎቶው ቀና ብዬ አየኋቸው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት በየቀኑ ያየሁት ፊት የማላውቀው ፊት ሆነብኝ።

«ይህን ኪኒን ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው» አሉ። «አንድ ልዩ ሐኪም ዘንድ ሄጄ የታዘዘልኝ ነው። መጠኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ጽፌ ይዣለሁ። ኪኒኑ ባይኖር ጠዋት ጠዋት ጣቴ አይታጠፍም። ያለ እሱ መርፌ መያዝ አልችልም። ሕመሜን የደበቅኩት ሥራዬን እንዳልነጠቅ ነው።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «እንግዲህ እኔ መመሪያ የማነብ ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከባለሙያ ጋር ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ፊቴን አይቶ ምን ሆነሻል ያለኝ አንድ ሰው የለም። አማረብሽ ያለኝን ግን ብቆጥር አልጨርሰውም። እዚህ ክፍል ውስጥ ያላችሁትም ብላችሁኛል። ታዲያ የላፍቶዋን ሴት ማን ይጠይቃት?»

አቶ ደምሴ አንገታቸውን ደፉ። ዶክተሩ ከወንበራቸው ተነስተው ጠረጴዛውን ዞረው መጡና «እጅዎን ልየው» አሉ። ሲስተር እጃቸውን ዘረጉ። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ያበጠ፣ ጣቶቹ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያጋደሉ። ዶክተሩ ብዙ ሰዓት ያህል መስሎ እስኪሰማኝ ድረስ አገላብጠው አዩዋቸው። ከዚያ ወደ ቦታቸው ተመልሰው፣ «ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ የሲስተርን አስተያየት እንዳለ ጻፈው» አሉኝ።

ጻፍኩት። በገዛ እጄ «ባለሙያዋ ራሳቸው የበሽታው ታካሚ መሆናቸውን ገልጸው» ብዬ ጻፍኩ። ቃለ ጉባኤ ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ላይ የሄደ ነገር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከሁለት ወር በኋላ ሲስተር ብርነሽ ለሕክምና ቦርድ እንዲቀርቡ የሚያዝ ደብዳቤ መጣ። ቦርዱ ለመርፌና ለድንገተኛ ሥራ ብቁ አይደሉም ብሎ በጡረታ አሰናበታቸው። አቶ ደምሴ ካርድ ክፍል እንኳ ይቀመጡልኝ ብለው ደጅ ጠኑ፣ አልሆነም። ማይክሮስኮፑ ግን መጣ።

የሽኝት ቀን ሁላችንም ንግግር አደረግን። የሁላችንም ንግግር ውሸት ያለበት ነበር። ማናችንም አላየንዎትም ነበር ያለ የለም። እኔም አላልኩም።

ቀበሌ ቤታቸውን ለቀው ለቡ፣ መብራት ኃይል በሚባለው በኩል፣ ታናሽ እህታቸው ዘንድ ገቡ። እሄዳለሁ እያልኩ ሳልሄድ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ የወሰደኝ መመሪያው ነው። ታትሞ መጣ፣ ሽፋኑ ሰማያዊ። ገጹን ገልጬ ያቺን መስመር ፈለግሁ። «ታካሚዋ ችግር እስክታሰማ አይጠበቅ። ፊት መሙላት የመዳን ምልክት ተደርጎ አይወሰድ። ባለሙያው በየቀጠሮው ከመቀመጫ አስነስቶ፣ ቆዳዋን አይቶ፣ የደም ግፊቷን ለክቶ ይመዝግብ» ይላል። አንድ ኮፒ ሳላስፈቅድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቅዳሜ ወደ ለቡ ሄድኩ።

ሲስተር ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። የኪኒኑን መጠን በራሳቸው ክትትል አውርደው አውርደው ከጥቂት አድርሰውታል። ፊታቸው ተመልሶ ሹል ሆኗል፤ የመታወቂያዋ ሴት ነበሩ፣ አርጅታ። እህታቸው «አንተ፣ ንገራት እስቲ፣ ምግብ አትበላም፣ ይኸው መነመነች» አለችኝና ወደ ውስጥ ገባች። ሲስተር ወደ እኔ አይተው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ።

መጽሐፉን ራሳቸው መግለጥ ስላልቻሉ እኔ ገለጥኩላቸው። ከኋላ ጀምር አሉኝ። ስሞቹን አነበብኩላቸው፣ የእሳቸው የለበትም። አልገረማቸውም። ከዚያ መስመሩን አነበብኩ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «መዝግብ ማለቱ ጥሩ ነው።»

ያን ጊዜ ነው በሆዴ የያዝኩትን ያወጣሁት። «ሲስተር፣ እኔ እርስዎን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ያን ቀን ከላፍቶ ስንመለስ ያለ ኪኒን ነው ያማረብዎት ያልኩት እኔ ነኝ። የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፣ ማወቅ ነበረብኝ።»

የጎረቤት ዶሮ መጥታ እግራቸው ሥር ጫር ጫር አደረገች።

«እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ። «ያን ቀን ስብሰባው ላይ እውነቱን ሁሉ አልተናገርኩም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሕመሙ በርዶልኝ ነበር። መጠኑን ማውረድ እችል ነበር። እንዴት እንደሚወርድ ካንተም ከዶክተሩም በላይ አውቃለሁ። አላወረድኩም።»

«ለምን?»

«ዕድሜዬን ሁሉ ከሲታዋ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። እናቴ እንኳ ስታስተዋውቀኝ ይቺ ጭራሮዋ ልጄ ትል ነበር። አርባ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን ከብስራተ ገብርኤል ወደ ሥራ ስወርድ አንድ ሰው፣ የማላውቀው ሰው፣ አለፈኝና ዞር ብሎ አየኝ። ደህና ልብስ የለበሰ ሰው ነው። አንተም ትለኛለህ፣ ካርድ ክፍሏም ትለኛለች፣ ደምሴም ይለኛል። አማረብሽ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ውስጤን እየበላኝ እንደሆነም አውቃለሁ። መጠኑን ሳላወርድ ስድስት ወር ጨመርኩበት። አውቄ።» ጣቶቻቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «የላፍቶዋ ሴት ፈርታ ነው ያልተናገረችው። እኔ ደስ ብሎኝ ነው። ይሄ መመሪያ ውስጥ የሚገባበት ቦታ የለውም ዳኜ፣ ስለዚህ ዝም አልኩ።»

መጽሐፉን ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት። የባለሙያ ነገር መናገር ነበረብኝ፣ ወይም ዝም ማለት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ያምርብዎት ነበር እኮ» አልኳቸው።

ሲስተር ብርነሽ ፊታቸውን ከእኔ ወደ አጥሩ አዞሩ።

«አውቃለሁ» አሉ።